«ጥያቄ ያለው?» ሲባል ለምን ዝም ይባላል

በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይም በየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለሚኖር ሰው እሑድ ጠዋት ስብሰባ መጠራት እንግዳ ነገር አይደለም። በ1995 ዓ.ም የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት አዋጅ ቁጥር 370 የቤት ባለቤቶች በማኅበር ተደራጅተው የጋራ ንብረታቸውን እንዲያስተዳድሩ ስለሚል፣ ስለ ውኃ ፓምፑ፣ ስለ ጥበቃዎቹ ደመወዝ፣ ስለ አጥሩና ስለ ደረጃው መብራት ተሰብስቦ መነጋገር ግድ ነው። በዚያ ላይ የዕድር ስብሰባ አለ፤ የወረዳ ስብሰባ አለ፤ በትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ አለ። ጉዳያቸው ይለያይ እንጂ አካሄዳቸው አንድ ነው። የዕድሩ ድንኳን ይተከላል፣ የፕላስቲክ ወንበር ይደረደራል፣ ሰብሳቢው ማይክ ይዞ ረዘም ላለ ጊዜ ይናገርና በመጨረሻ «እንግዲህ ጥያቄ ወይም አስተያየት ያለው?» ይላል። ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ሰብሳቢው ግራ ቀኙን ቃኝቶ «ከሌለ በዚሁ እናብቃ» ሲል ይጨበጨባል። ተሰብሳቢው ግን ገና የግቢውን በር ሳያልፍ ሦስትም አራትም እየሆነ ይቆማል፤ ፓምፑ ለምን በአራት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ እንደተበላሸ፣ ጥገናውን ማን እንደተዋዋለ፣ ከአራተኛ ፎቅ በላይ ያለው ሰው ለማይደርሰው ውኃ ለምን እኩል እንደሚከፍል የሚጠየቀው እዚያ ነው።

ድንኳኑ ውስጥ ያልተሰማው ጥያቄ በሩ ላይ ከየት መጣ? ብዙ ተናጋሪዎች ዝምታውን እንደ ስምምነት ይቆጥሩታል፤ አንዳንዶቹም ሕዝቡ ለጉዳዩ ደንታ የለውም ብለው ያዝናሉ። ሁለቱም ትክክል አይመስሉኝም። ሰው ጥያቄ ይዞ ዝም የሚለው በሕዝብ ፊት መጠየቅ የሚያስከፍለውን ዋጋ አስልቶ ስለሚከብደው ነው። ስለዚህ አድማጭን ወደ ግልጽ ውይይት መጋበዝ የሚፈልግ ተናጋሪ ዋና ሥራው ያንን ዋጋ ዝቅ ማድረግ ነው፤ ይህም በንግግሩ ማብቂያ በሚጨመር አንድ ዓረፍተ ነገር የሚሆን ሳይሆን ከዝግጅት አንሥቶ ቃለ ጉባኤው እስኪጻፍ ድረስ ያለውን ሁሉ የሚነካ ነው።

ዋጋው ከምን ከምን እንደተሠራ ማየት ይጠቅማል። የመጀመሪያው ይሉኝታ ነው። ነገ በቀብር፣ በሰርግ፣ በደረጃ ላይ የሚገናኝ ጎረቤት፣ በነጻ የሚያገለግለውን የማኅበሩን ገንዘብ ያዥ በሰው ሁሉ ፊት ስለ ሒሳብ መጠየቅ እንደ መክሰስ ይሆንበታል። ሁለተኛው የትዝታ ጉዳይ ነው። በአገራችን ብዙ ሰው ስብሰባን የሚያውቀው ውሳኔ የሚነገርበት፣ ተናጋሪው የሚታወስበትና አንዳንዴም የሚመዘገብበት ቦታ አድርጎ ነው፤ እንዲህ ያለ ልምድ ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፍ፣ የዛሬው ሰብሳቢ ምንም ቅን ቢሆን የትናንቱን ዕዳ ይከፍላል። ሦስተኛው ደግሞ ሰው በሰው ዝምታ መታለሉ ነው። እያንዳንዱ «እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ዝም ሲል፣ የእሱ ዝምታ ለጎረቤቱ «እሱማ ገብቶታል» የሚል ማስረጃ ይሆናል፤ በዚህ መንገድ መቶ ሰው ያልገባው ነገር ለመቶውም የገባ መስሎ ያልፋል።

ይህን ሦስተኛውን ነገር የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በሚገባ መርምረውታል። ሰለሞን አሽ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባደረጋቸው ሙከራዎች፣ አስቀድመው የተማከሩ ሰዎች የመስመሮችን ርዝመት ሆን ብለው በስሕተት ሲናገሩ፣ በመካከላቸው የተቀመጠው ምንም የማያውቅ ሰው ምን እንደሚል ይከታተል ነበር። ዓይን የማይስተው ነገር ሆኖ ሳለ፣ ብዙኃኑ በተሳሳቱባቸው ጥያቄዎች ከተሰጡት መልሶች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ብዙኃኑን የተከተሉ ነበሩ። ለተናጋሪ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን ሌላው ግኝት ነው፤ ከመካከላቸው አንድ ሰው ብቻ ትክክለኛውን መልስ ሲናገር ተከታይነቱ በእጅጉ ቀነሰ። ስለዚህ ድንኳን ሙሉ ሰውን ለማናገር ድንኳን ሙሉ ጀግና አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ሰው ማግኘትና ያ ሰው የደረሰበት ነገር ለሌላው መልካም ምልክት እንዲሆን ማድረግ ይበቃል።

የመጀመሪያውን ሰው ለማግኘት ከሁሉ በፊት መጠበቅ ያስፈልጋል። ሜሪ ባድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት የትምህርት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ባሳተመቻቸው ጥናቶች፣ መምህራን ጥያቄ ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ መሆኑን አሳይታለች፤ ጥበቃው ወደ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲረዝም የተማሪዎች መልስ ረዘመ፣ ፈቅደው የሚመልሱት በረከቱ፣ ተማሪዎቹ ራሳቸውም ይበልጥ መጠየቅ ጀመሩ። ይህ የሆነው ልጆች በሚተዋወቁበት ክፍል ውስጥ ነው። ማይክ በእጁ ለሌለ፣ ቃሉን ለመምረጥ ለሚያስብ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ሽማግሌ ለሚያከብር ተሰብሳቢ ከዚያም የረዘመ ጊዜ ይገባዋል። መድረክ ላይ ለቆመ ሰው ዐሥር ሰከንድ ዝም ማለት እጅግ ረዥም ነው፤ ብዙዎች የማይችሉትም ለዚህ ነው። በልብ እስከ ዐሥር ቆጥሮ መጠበቅ ግን ማንም ሊለማመደው የሚችል ነገር ነው፤ በዚያ ጊዜ ወረቀት ማገላበጥ ወይም ሰዓት ማየት ተሰብሳቢውን «በቃ ጨርሱ» ማለት ስለሚሆን፣ ተናጋሪው ዓይኑን ከሰው ላይ ባያነሣ ይመረጣል።

ቀጥሎ የሚመጣው የጥያቄው አቀራረብ ነው። «ጥያቄ ያለው?» የሚለው ግብዣ ለሁሉም ስለተሰነዘረ ለማንም አልተሰነዘረም፤ ደግሞም መልሱ አለ ወይም የለም ብቻ ስለሆነ ዝምታ በራሱ መልስ ይሆናል። የማኅበሩ ሰብሳቢ በምትኩ እንዲህ ቢል ያስቡት፦ «ፓምፑን ሌሊት ብናስነሣው ውኃው ላይኛው ፎቅ ድረስ ይወጣል፣ ግን ድምፁ ምድር ቤት ያሉትን ይረብሻል። ቀን ብናስነሣው ደግሞ ኃይሉ ይደክማል። ከሦስተኛ ፎቅ በላይ የምትኖሩ፣ ባለፈው ሳምንት ውኃ ስንት ቀን ደረሳችሁ? ከእናንተ ልጀምር።» ይህ ጥያቄ የሚጠይቀው ሰው የሚያውቀውን ነገር ነው። አስተያየት መስጠት ያስፈራል፤ ያዩትን መናገር ግን ብዙም አያስፈራም። ከተናገሩ በኋላ ደግሞ ካዩት ወደሚያስቡት መሻገር ቀላል ነው።

ጥያቄውን እስከ ንግግሩ መጨረሻ ማቆየትም ሌላው ችግር ነው። አርባ ደቂቃ ዝም ብሎ የሰማ ሰው አድማጭ መሆን ተላምዷል፤ በአርባ አንደኛው ደቂቃ ተወያይ ሁን ሲባል በድንገት አይለወጥም። ስለዚህ ተናጋሪው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ውስጥ እጅ የሚያስወጣ ወይም አጭር መልስ የሚፈልግ አንድ ነገር ቢጠይቅ፣ ከዚያም ንግግሩን በየጉዳዩ እየቆረጠ ቢያወያይ ይሻላል። ከዚህም የሚበልጥ አንድ ዘዴ አለ። ፍራንክ ላይመን የተባለው መምህር እ.ኤ.አ. በ1981 ለክፍል ትምህርት ብሎ ያስተዋወቀው ይህ አሠራር ሦስት እርከን አለው፦ ሰው በመጀመሪያ ለብቻው ያስባል፣ ከዚያ አጠገቡ ካለው ጋር ይነጋገራል፣ በመጨረሻ ለሁሉም ይናገራል። «አጠገባችሁ ካለው ጎረቤት ጋር ለሦስት ደቂቃ ተነጋገሩ፣ ከዚያ የተባባላችሁትን እንሰማለን» ማለት የበሩን ወሬ ወደ ድንኳኑ ያስገባዋል። ሰውዬው «እኔ እንዲህ አልኩ» ከማለት ይልቅ «እኛ ስንነጋገር እንዲህ ተባለ» ማለት ስለሚችል ይሉኝታው ግማሽ በግማሽ ይቀልለታል።

የመጀመሪያው ጠያቂ ማን ይሁን የሚለው ነገር ከሚታሰበው በላይ ከባድ ነው። በዐሥር አገሮች ወደ 250 የሚጠጉ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮችን ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ሲጠይቅ ከዚያ በኋላ ሴቶች የሚጠይቁት ጥያቄ ድርሻ እንደሚያንስ አሳይቷል። የተማሩ ሰዎች ባሉበት አዳራሽ እንዲህ ከሆነ፣ ሽማግሌ ቀድሞ መናገሩ ወግ በሆነበት ድንኳን ውስጥ ምን ያህል እንደሚበረታ መገመት አያዳግትም። አንድ የተከበሩ አባት ተነሥተው «ኮሚቴው የሠራው ሥራ የሚደነቅ ነው» ካሉ በኋላ ከኋላ ረድፍ ያለች ወጣት ተከራይ እንዴት አድርጋ ትነሣ? ለዚህ መላው ከሌላ አገር መምጣት የለበትም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ጎንደር የኖረው ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው፣ በንጉሡ ሸንጎ ድምፅ የሚሰጠው ከታናሹ ተጀምሮ ወደ ታላቁ ነበር። ታላቁ ቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የራሱን ሐሳብ ትቶ የጌታውን እንደሚደግም የዚያን ጊዜ ሰዎች በሚገባ ያውቁት ነበር ማለት ነው። ሰብሳቢው አስቀድሞ ሽማግሌዎቹን «አባቶቼ፣ ዛሬ ልጆቻችሁ ቀድመው ይናገሩ፣ እናንተ ደግሞ አዳምጣችሁ ታርሙን» ቢላቸው ክብራቸው ከፍ ይላል እንጂ አይጎድልም፤ ማረም የታላቅ ድርሻ ነውና።

ያ የመጀመሪያ ጥያቄ ከተጠየቀ በኋላ ሁሉም ሰው የሚያየው ጠያቂውን ሳይሆን ተናጋሪውን ነው። ፊቱ ይጠቁራል ወይስ ይፈታል? ይቆጣል ወይስ ይሰማል? «እሱን እኮ ቅድም ተናግሬያለሁ» ካለ ውይይቱ እዚያው አበቃ። ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው፣ ጥያቄውን በራስ ቃል ደግሞ «እርስዎ የሚሉት የጥገናው ክፍያ ደረሰኝ ይታይ ነው፤ በትክክል ሰምቻለሁ?» ብሎ ማረጋገጥ ነው። ይህ ኋላ ላሉት ጥያቄውን ያሰማል፣ ጠያቂውን ያከብራል፣ ተናጋሪውንም ለማሰብ ጊዜ ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን መልስ መመለስ፣ ከሌለውም «አላውቀውም፣ ደረሰኙን አይቼ በሚቀጥለው ስብሰባ አቀርባለሁ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ አሠራር ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በእኔ ግምት ከይሉኝታም በላይ ውይይትን የሚገድለው እሱ ነው። «ጊዜ ለመቆጠብ ስድስት ሰባት ጥያቄ ሰብስበን ከመድረክ አንድ ላይ ምላሽ እንሰጣለን» ይባላል። ነገሩ ሥርዓት ያለው ይመስላል። ሆኖም ሰባት ጥያቄ የሰበሰበ ተናጋሪ የሚመልሰውን መርጦ የሚተወውን መተው ይችላል፤ ከባዱ ጥያቄ በቀላሎቹ መካከል ይጠፋል፤ ስለ ደረሰኝ የጠየቀው ሰው ስለ አጥር መልስ ሰምቶ ይቀመጣል። ደግሞ ጠይቆ «አልተመለሰልኝም» ለማለት ሁለተኛ ዕድል የለውም፤ ዕድሉ አልፏል ይባላል። ውይይት ማለት አንዱ ሲናገር ሌላው በተናገረው ላይ መናገሩ ከሆነ፣ በዚህ አሠራር ማንም በማንም ላይ አይናገርም፤ ሰባት ሰው ለየብቻው ወደ መድረክ ይናገራል፣ መድረኩም ለሁሉም በአንድነት ይመልሳል። ሰው በጣም ብዙ ሆኖ መሰብሰቡ ግድ ከሆነ እንኳ፣ ጥያቄዎቹ እየተጠየቁ በትልቅ ወረቀት ላይ ለሁሉም በሚታይ ጽሑፍ ቢጻፉና መልስ ያገኘው እየተሰረዘ ቢሄድ፣ የቀረው የትኛው እንደሆነ ከኋላ ረድፍ ያለውም ያያል። ሁለት ሁለት እያደረጉ መመለስና ጠያቂውን «መልሱ በቂ ነው?» ብሎ መጠየቅም ከዚህ ይሻላል።

የእኛ አገር ተናጋሪ ሊያዳብረው የሚገባ ሌላ ጆሮ ደግሞ አለ። ሰም ለበስ አነጋገር የለመደ ሕዝብ ጥያቄውን ሁልጊዜ በጥያቄ መልክ አያቀርብም። በአንድ የዕድር ስብሰባ ላይ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡና «ልጆቼ፣ እግዜር ይስጣችሁ፣ ደክማችኋል። እኔስ ለድንኳኑ አላማርርም፤ ዝናቡ ግን አዲሱን ድንኳን ከአሮጌው አልለይ አለኝ» ብለው ተቀመጡ። ሰው ሳቀ። የሳቁ ትርጉም ለሁሉም ግልጽ ነበር፤ አዲስ ተብሎ የተገዛው ድንኳን ያፈሳል፣ ገንዘቡስ የት ገባ ማለታቸው ነው። ሰብሳቢው አብሮ ስቆ ቢያልፍ ጥያቄው በሳቅ ይቀበር ነበር። እሱ ግን «እማማ፣ ስለ ድንኳኑ ጥራትና ስለ ዋጋው መጠየቅዎ ነው፤ ተገቢ ጥያቄ ነው» ብሎ የግዢውን ወረቀት ከፋይሉ አውጥቶ አነበበ። ከዚያ በኋላ የተነሡት ሰዎች በቀጥታ መጠየቃቸው የሚያስደንቅ አይደለም። ወርቁን አውጥቶ በአክብሮት በገሃድ ማስቀመጥ ጠያቂዋን ሳያጋልጥ ጥያቄዋን ያስከብራል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ያልተባለውን እንዳይጨምሩበት ነው፤ «እንዲህ ማለትዎ ነው?» ብሎ ማረጋገጥ ለዚህ ይረዳል።

ቋንቋም ራሱን የቻለ በር ነው። በከተማዋ ዳር ባሉት ሰፈሮች አንድ ድንኳን ሥር መሬቱን ሲያርሱ የኖሩ አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ ገበሬዎች፣ ከመሀል ከተማ በዕጣ ደርሷቸው የመጡ ነዋሪዎች፣ ከየክፍለ ሀገሩ ለሥራ የመጡ ተከራዮች ይቀመጣሉ። አማርኛ መስማትና በአማርኛ በሕዝብ ፊት መከራከር የተለያየ አቅም ይጠይቃሉ። «በሚቀናችሁ ቋንቋ ጠይቁ፣ የሚተረጉም አለን» ማለት፣ ተርጓሚውንም አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ ለብዙ ሰው በሩን ይከፍታል። ሌላውን ፈጠን ብዬ ልለፈው፦ ማይኩ ወደ ሰው ይሂድ እንጂ ሰው ወደ ማይክ አይጠራ፤ ወንበሩ በረድፍ ከሚደረደር በግማሽ ክብ ቢደረግ ሰው የሰውን ፊት ስለሚያይ እርስ በርስ ይመላለሳል፤ ልጅ ያዘሉ እናቶችና አረጋውያን ከኋላ ጥግ አይቀመጡ፤ ንግግሩን በሌላው ጊዜ ላይ የሚያስረዝም ሰው ካለም ሰብሳቢው ከመጀመሪያው የተስማሙበትን ደቂቃ አስታውሶ በትሕትና ቢያስቆመው ለሌሎቹ መብት መቆም ነው።

እነዚህ ሁሉ ግን አንድ መሠረት ይፈልጋሉ፤ የሚወያዩበት ነገር በእርግጥ ክፍት መሆኑ። ሼሪ አርንስቴይን የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ1969 የዜጎችን ተሳትፎ ስምንት እርከን ባለው መሰላል ስታስረዳ፣ ማሳወቅንና ማማከርን መሀል ላይ ነበር ያስቀመጠቻቸው፤ ሰው ተሰምቶ በውሳኔው ላይ ምንም የማይለወጥ ከሆነ መሰማቱ ብቻውን ሥልጣን እንደማይሰጠው ለማመልከት ነው። በ1987 ዓ.ም የወጣው ሕገ መንግሥታችንም በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ኅብረተሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። መንገድ በእርሻው የሚያልፍበት ገበሬ በተጠራበት ስብሰባ ላይ የሚናገር ባለሙያ፣ የመንገዱ መስመር ተወስኖ ያደረ ከሆነ «እንወያይበት» ብሎ ቢጀምር የሚያጠፋው የዛሬውን ስብሰባ ብቻ አይደለም፤ የነገውንም ነው። በሐቀኝነት መናገር ይችላል፦ «መስመሩ ተወስኗል፣ እሱን የመለወጥ ሥልጣን የለኝም። የከብት መሻገሪያው የት ይሁን፣ ሥራው ከአዝመራ በፊት ይጀመር ወይስ በኋላ የሚለው ግን አልተወሰነም፤ በዚህ ላይ የምትሉት ይጻፋል።» ስለ መስመሩ የሚነሣ ቁጣ ካለም ሰምቶ፣ መዝግቦ፣ ለወሰነው አካል ማድረስና የተሰጠውን መልስ ይዞ መመለስ የእሱ ኃላፊነት ነው።

መመለሱ ደግሞ በቃለ ጉባኤው ይለካል። በብዙ ስብሰባዎች ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ውሳኔውን ብቻ ነው፤ «በሰፊው ከተወያየን በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማምተናል» ይልና ይፈረማል። ጥያቄዎቹ ከነጠያቂው ሐሳብ፣ የጠያቂው ስም ግን ካልፈለገ ሳይጠቀስ፣ ያልተመለሱትም ተለይተው ቢጻፉ፣ ቀጣዩ ስብሰባ ከአዲስ አጀንዳ በፊት እነሱን በማንበብ ሊጀመር ይችላል፦ «ባለፈው ስለ ጥገናው ደረሰኝ ተጠይቀን ነበር፤ ደረሰኙ ይኸው፣ ከፊት ረድፍ ጀምራችሁ እያያችሁ ወደ ኋላ አሳልፉት።»